ለዘይት ቀለም ሥዕል ሰው ሲቀመጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በትርፍ ጊዜዬ ሥዕል የምማር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። እስካሁን ከፎቶግራፍ ስሠራ ቆይቼ አሁን የአያቴን የቁም ሥዕል እሳቸውን ከፊቴ አስቀምጬ በዘይት ቀለም ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። በሳምንቱ ስንመለስ ግን ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ አንገታቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ፣ የነጠላቸው እጥፋትም ጨርሶ ተለውጦ አገኘሁት። ሥዕሉን በአዲሱ አቀማመጥ ሳስተካክል በቀጣዩ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሆነብኝ። እሳቸውን «አይንቀሳቀሱ» ብዬ ማዘዝም ያሳፍረኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ችግሩ የመጣው ቀለም ከመበጥበጥዎ በፊት ካደረጉት ምርጫ ይመስለኛል። ብዙ ጀማሪዎች ሞዴል ሲያስቀምጡ የሚያስቡት አቀማመጡ ማማሩን ብቻ ነው። በዘይት ቀለም ለሚሠራ የቁም ሥዕል ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ተቀማጩ ተነሥቶ ቡናውን ጠጥቶ፣ ከሳምንትም በኋላ ተመልሶ በዚያው አቀማመጥ ሊገኝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ የሚደርቅ በመሆኑ፣ አንዱ ቅብ እስኪደርቅ ጠብቆ ሌላውን ለሚደርብ ሰው ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አያትዎ ያንኑ አቀማመጥ ደጋግመው ማግኘት አለባቸው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን እ.ኤ.አ. በ1899 የሥዕል ነጋዴውን የአምብሯዝ ቮላርን የቁም ሥዕል ሲሠራ፣ ቮላር ራሱ እንደጻፈው 115 ጊዜ አስቀምጦታል። ወንበሩ የቆመው በማይረጋ ሣጥን ላይ ስለነበረ ቮላር እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ከነወንበሩ ወደቀ፤ ሴዛንም አቀማመጡን አበላሸህብኝ፣ እንደ ፖም ፍሬ ረግተህ ተቀመጥ ብሎ ተቆጣው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሣቅ ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱን የምጥለው በወንበሩ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጀምስ ዊስለር የተሻለ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1871 እናቱን ቆመው ሊሥላቸው ጀምሮ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ መድከማቸውን ሲያይ አስቀመጣቸው፤ ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም የሚገኘው ዝነኛው ሥዕል የተገኘውም ከዚህ ለውጥ ነው።

እንግዲህ ከወንበሩ ይጀምሩ። ሶፋ አይምረጡ። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው በየደቂቃው ጥቂት በጥቂት ስለሚሰምጥ፣ ሥራ ሲጀምሩ የለኩት የዓይን ከፍታ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በቦታው አይገኝም። መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር፣ ቢበዛ ስስ ትራስ የተነጠፈበት፣ ለአረጋዊት ሴት ከሁሉ ይሻላል። ሁለቱም እግሮች መሬት መርገጥ አለባቸው፤ ካልደረሱ ከሥር ዝቅተኛ በርጩማ ያድርጉ። እጆች ጭን ላይ ወይም ክንድ ማሳረፊያው ላይ ይረፉ፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ እጅ አምስት ደቂቃም አይቆይም። ጉንጭን በእጅ ደግፎ መቀመጥ ደግሞ በመጽሔት ፎቶግራፎች የተለመደ ቢሆንም፣ ክብደቱ በገፋው ቁጥር የጉንጩንና የአፍን ቅርጽ ስለሚለውጥ እኔ በበኩሌ ለዘይት ሥዕል አልመርጠውም።

ቆመው የሚሥሉ ከሆነ፣ የተቀማጩ ዓይን ከእርስዎ ዓይን ጋር እኩል እንዲሆን ወንበሩን ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ በሚል ሰፊና የማይወዛወዝ መድረክ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ከላይ ወደ ታች ስለሚያዩ ግንባርና አናት ይገዝፋሉ፤ አገጭም ያንሳል። አያትዎ መድረክ ላይ መውጣት ከከበዳቸው እርስዎ ተቀምጠው ይሥሩ። ርቀቱም ከሸራው ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ በጣም ሲቀርቡ አፍንጫ ከጆሮ ጋር ሲነጻጸር ከመጠን በላይ ይጎላል።

አቀማመጡን ራስዎ አይፍጠሩት። አያትዎ ይቀመጡ፣ ያውሩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይለፍ። ሰው መጀመሪያ ሲቀመጥ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ እንግዳ ነው የሚቀመጠው፤ በኋላ ትከሻው ይወርዳል፣ ወገቡ ወደ መደገፊያው ይሄዳል፣ አንገቱም የለመደውን ማዘንበያ ያገኛል። የሚፈልጉት ይህንን ሁለተኛውን ነው። እሳቸውን «ወዲህ ይዙሩ፣ ወዲያ ይዙሩ» ከማለት ይልቅ እርስዎ በዙሪያቸው እየተዘዋወሩ ከሦስት ወይም ከአራት አቅጣጫ በእርሳስ ትንንሽ ንድፍ ያውጡ፤ የሚስማማዎትንም ከእነዚያ ይምረጡ። በዚህ መንገድ ከሄዱ አያትዎን ማዘዝ እምብዛም አያስፈልግዎትም።

ከመረጡ በኋላ ምልክት ማድረግ ነው። የወንበሩን አራት እግሮች፣ የጫማቸውን ዙሪያና የክርናቸውን ቦታ በፕላስተር ወይም በጠመኔ ያመልክቱ። ዓይናቸው የሚያርፍበትን ነጥብ ግድግዳው ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈው ያሳዩአቸው። ብዙ ሰው የሚረሳው የራሱን ቦታ ነው፤ ሠዓሊው ሃያ ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢቆም ሞዴሉ አንገቱን ያዞረ ያህል ሥዕሉን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ እግር የሚቆምበትና የሥዕል ማቆሚያው እግሮች ያረፉበት ቦታም ምልክት ይደረግበት። ከዚያ በዓይንዎ ከፍታ በስልክዎ አንድ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የሚያገለግልዎት ለመሣል ሳይሆን እሳቸውን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ነው። ከበስተኋላቸው ቀጥ ያለ መስመር፣ ለምሳሌ የበር መቃን ወይም የተሰቀለ ጨርቅ ጠርዝ ቢኖር ደግሞ ትልቅ ረዳት ይሆናል፤ የጆሮ ጉትቻቸው ከዚያ መስመር ጋር መገናኘቱን ብቻ በማየት ጭንቅላታቸው ቦታውን ማግኘቱን ያውቃሉ።

ሲመለሱ ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው። በመጀመሪያ መቀመጫ፣ ቀጥሎ እግር፣ ከዚያ ትከሻ፣ በመጨረሻ ጭንቅላት። ጭንቅላትን አስቀድሞ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ ወገብ ሲነቃነቅ እንደገና ይበላሻልና። ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው አምስት ደቂቃ ይረፉ፤ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ዕረፍቱ ይርዘም። ሰዓቱን ስልክዎ ይቁጠርልዎት፤ በሥራ የተመሰጠ ሠዓሊ የሰውን ድካም አይቆጥርም። ከዕረፍት በተመለሱ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ትከሻና አንገት ላይ አይሥሩ፤ እስኪሰፍሩ ድረስ ከበስተኋላ ያለውን ጨርቅ ወይም ፀጉሩን ይቀቡ።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ሞዴል ሲንቀሳቀስ ሥዕሉን ተከትሎ መለወጥ ማለቂያ የለውም። በመጀመሪያው ቀን የጭንቅላቱን ማዘንበልና የትከሻውን መስመር በከሰል ወይም በቀጭን ቡናማ ቀለም ከወሰኑ በኋላ ሥዕሉ ባለበት ይጸናል፤ የሚመለሱት እሳቸው ናቸው። የነጠላው እጥፋት ግን በፍጹም ስለማይመለስ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ በአንድ ቀን ይጨርሱት፤ ካልሆነም እሳቸው ሲነሡ ነጠላውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳለ አስቀርተው ይሥሩት።

ስለ ማፈርዎ ደግሞ፣ ለአያት «አይንቀሳቀሱ» ማለት አያስፈልግም። አገጫቸው ከፍ ካለ እርስዎ ራስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝቅ በማድረግ ያሳዩአቸው፤ «እማዬ፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» ቢሉም የሚያስቀይም አይደለም። ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን ከመንካትዎ በፊት ግን ያስፈቅዱ፤ የተሻለው ደግሞ እናትዎ ወይም አክስትዎ እንዲያስተካክሉላቸው ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ያነበብኳቸው የውጭ መጻሕፍት ሁሉ ሞዴል በሰሜን መስኮት ብርሃን ይቀመጥ ይላሉ። የሰሜን መስኮት ያለው ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ በግንቦት ወር ግን ጠዋትና ማታ ፀሐይ እየገባ የሞዴሌን ፊት ይቆርጥብኛል። መጻሕፍቱ ተሳስተዋል ወይስ እኔ?
ሠዓሊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መጻሕፍቱ አልተሳሳቱም፤ የተጻፉት ግን ለለንደን፣ ለፓሪስና ለኒው ዮርክ ነው። እዚያ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜን መስኮት ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ቀጥተኛ ጨረር አያገባም፤ ብርሃኑም ከሰማይ የሚመጣ ለስላሳና የማይዋዥቅ ይሆናል። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ብቻ ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ፣ በቀትርም ጭምር፣ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ በግንቦት ጠዋት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ገደድ ብላ በመስኮትዎ ትገባለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን መጽሐፉን ስለሚያምን አይሞክረውም። በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብ የሚመለከት መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ አያገኝም፤ የአውሮፓ የሰሜን መስኮት የሚሰጠውን አገልግሎት እዚህ የሚሰጠው እሱ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ደግሞ የሰሜን መስኮትዎ መጻሕፍቱ እንደሚሉት ይሆናል። በመካከል ያሉት ሳምንታት የተቀላቀሉ ናቸው። በጎንደር ወይም በመቀሌ ለሚኖር ሰው ፀሐይ በሰሜን የምትቆይበት ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ያጥራል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አንድ መስኮት ብቻ ካለዎት ሙሉውን በነጭ አቡጀዲ ይሸፍኑት፤ ጨረሩ ተበትኖ ይገባል። በክረምት ደመናው ራሱ ይህንን ሥራ ይሠራልዎታል፤ ብርሃኑ ግን ዝናብ ሲመጣ በድንገት ስለሚጨልም የሞዴሉን ሰዓት ጠዋት ላይ ማድረግ ይሻላል።

ሌሎቹን መስኮቶች ሁሉ ይዝጉ። ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ ከመጣ በፊት ላይ ሁለት ጥላ ይሠራል፤ የአፍንጫና የዓይን ጉድጓድ ቅርጽም ይጠፋል። መስኮቱ ከተቀማጩ ጎንና ትንሽ ከፊቱ፣ የታችኛው ክፍሉም በካርቶን ተሸፍኖ ብርሃኑ ከዓይን ከፍታ በላይ እንዲገባ ሆኖ፣ የአፍንጫው ጥላ ወደ ጉንጭ በሰያፍ ሲወርድ ያኔ ደርሰዋል። ወደ ውጭ መመልከትም አይርሱ፤ የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ የሚመልሰው ነጸብራቅና የግቢ ሣር አረንጓዴነት በሞዴሉ አገጭ ሥር ተደብቀው ይገባሉ፤ ሠዓሊውም ቀለሙን ያበላሸው እሱ እየመሰለው ሲደክም ይውላል።

ጥያቄ፦ የምሥላቸው እናቴ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው እንዲቀመጡ ብለምናቸው «ሁለት ዓይን እያለኝ ለምን በአንድ ዓይን ታስቀረኛለህ?» ብለው እምቢ አሉ። ነጭ ነጠላቸውን ካልለበስኩም ብለዋል። መምህሬ ደግሞ ፊት ለፊት መሣል ሥዕሉን ድርቅ ያደርገዋል ይላል።
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናትዎ የቆመ ባህል ተናገሩ። በቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ በአንድ ዓይን ወደ ጎን የሚሣለው ከሃዲው ወይም ሰይጣኑ ነው። በዚህ ዓይነት ሥዕል ፊት ሲጸልዩ የኖሩ ሴት በአንድ ዓይን መቅረትን ቢጠሉ አይፈረድባቸውም። ሦስት አራተኛ ፊት፣ ማለትም በከፊል ብቻ ወደ ጎን የዞረ ፊት፣ ሁለቱንም ዓይኖች እንደሚያሳይ በእርሳስ ንድፍ ቢያሳዩአቸው ምናልባት ይስማሙ ይሆናል፤ ካልተስማሙ ግን ፊት ለፊት ይሥሏቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1500 ራሱን ፍጹም ፊት ለፊት ሥሏል፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ በሙኒክ አለ፤ ድርቅ ብሏል የሚለውም የለም።

መምህርዎ የፈሩት ነገር የሚመጣው ፊቱም፣ ደረቱም፣ ብርሃኑም በአንድነት ፊት ለፊት ሲሆኑ ነው። ወንበሩን በሰያፍ ያስቀምጡ፤ እናትዎ አካላቸው ወደ መስኮቱ ጥቂት ዞሮ ፊታቸው ብቻ ወደ እርስዎ ይምጣ፤ ብርሃኑም ከጎን ይሁን። መዞሩ ግን አንገት የማያሳምም መጠነኛ ይሁን። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የመስኮቱ ነጸብራቅ ከመስታወቱ እስኪጠፋ ድረስ አገጫቸውን በጥቂቱ ዝቅ ያድርጉላቸው።

ነጠላው ከባድ ጉዳይ ነው። ነጭ ልብስ በመስኮት አጠገብ በክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበራል፤ በጠይም ፊት ዙሪያ ሲሆን ደግሞ ዓይናችን ፊቱን ከሆነው በላይ አጨልሞ ያየዋል፤ ጀማሪውም ይህንን አምኖ ጥቁር ይቀባል። በመጀመሪያ፣ ከበስተኋላ ያለውን ነጭ ግድግዳ ያስወግዱ፤ ቡናማ ወይም አመድማ ጨርቅ ይስቀሉ፤ ድምቀቱም ከፊታቸው ብርሃናማ ጎን የጨለመ፣ ከጥላው ጎን ደግሞ ጥቂት የፈካ ይሁን። ቀጥሎ ነጠላውን ከመስኮቱ ራቅ ባለው ትከሻ ላይ ያብዙት፤ በመስኮቱ በኩል ባለው ትከሻ ላይ ያሳንሱት። ከአገጭ ሥር የሚገባውን የነጠላውን ነጸብራቅ አያጥፉት፤ ጠይም ፊት ላይ ጥላው ሙቀት ያለው ሆኖ የሚታየው በእሱ ነው። ለጥላው ከቱቦ የወጣ ጥቁር ቀለም አይንኩ፤ በርንት አምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማና አልትራማሪን ሰማያዊ ሲቀላቀሉ የበለጠ ጥልቅና ሕያው ጨለማ ይሰጣሉ። ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያበራው ነጥብ ግን የመስኮቱን ሰማይ ስለሚመልስ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ነጭ ብቻ ከቀቡት ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ንጹሕ ነጭ ቀለምን ለነጠላው አንድ እጥፋት ብቻ ያቆዩት፤ የተቀረው ነጠላ ሁሉ፣ ቢያስገርምዎትም፣ ግራጫ ነው። ጥለቱን በመጨረሻ ይጨምሩት።

ጥያቄ፦ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ለሥዕል ተማሪዎች ሞዴል ሆኜ በክፍያ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቆሜ ስቆይ ዓይኔ ይጨልማል፤ ተቀምጬም እግሬ ይደነዝዛል። ይህ የተለመደ ነው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተለመደ ነው፤ የሚታለፍ ግን አይደለም። ቆመው ጉልበትዎን ወደኋላ ቆልፈው ከያዙት ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ራስን እስከመሳት ሊያደርስ ይችላል፤ ጉልበትዎን በጥቂቱ ያላሉ፣ ክብደትዎንም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳይታወቅ ያስተላልፉ። ዓይንዎ መጨለም እንደጀመረ ሥዕሉ ይበላሻል ብለው ሳይጨነቁ ወዲያው ይቀመጡ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምሱ ከሆነ ቆመው የሚቆዩበትን ሥራ አይቀበሉ። እግር የሚደነዝዘው አንዱን በሌላው ላይ ሲያጣምሩት ወይም የወንበሩ ጠርዝ ጭንዎን ሲጫነው ነው፤ አስቀድመው ይናገሩ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላም ዕረፍት መጠየቅ መብትዎ ነው። የዘይት ቀለም ማቅጠኛው ተርፔንታይን በሚሸትበት ክፍል ደግሞ መስኮት እንዲከፈት ይጠይቁ። ማሞቂያ ወይም መጋረጃ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ሥዕሉ የሚሠራው ከሰውነትዎ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ ከኢትዮጵያ መጥተው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያሉ፤ በዕድሜያቸው ምክንያትም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ እንጂ ከዚያ በላይ መቀመጥ አይችሉም። የዘይት ቀለም ሥዕል በዚህ ጊዜ ይሠራል ወይስ ፎቶግራፍ ብቻ ልጠቀም?
አንባቢ፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ ይሠራል፤ አስቀድሞ ከተከፋፈለ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሃንስ ሆልባይን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1538 ብራስልስ ሄዶ የዴንማርኳን ክርስቲናን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሄንሪ ስምንተኛ ሲሥል የተሰጠው ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ንድፉን ያዘ፤ ዛሬ በለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለውን ሙሉ ቁመት ሥዕል በኋላ ከንድፉ ሠራው። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢልያ ሬፒን ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1881 ሙዚቀኛውን ሙሶርግስኪን በፒተርስበርግ ሆስፒታል ሳለ በአራት ቀን ሥሎታል፤ ሙዚቀኛው ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አረፈ። ሬፒን የሥዕል ማቆሚያ እንኳ አልነበረውም፤ ሕመምተኛው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው የሠራው። ሙሶርግስኪ ክንድ ማሳረፊያ ባለው ወንበር ላይ እንደ አመሉ ተቀምጧል፤ የቤት ካባውንም አልቀየረም።

ስለዚህ አባትዎን አዲስ አቀማመጥ አያስተምሯቸው። ዜና የሚሰሙበትን ወንበር በቦታው ይተዉት፤ መብራቱን ወደ እሳቸው ያምጡ። የቀን ብርሃን የሚመስል 5,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፣ በአምፖሉ ማሸጊያ ላይ የሚጻፍ) ያህል አምፖል ከገዙ፣ ያው ዓይነት ብርሃን ሸራዎ ላይም እንዲያርፍ ያድርጉ፤ አለበለዚያ በቢጫ መብራት የቀቡት ቀለም ጠዋት ሲያዩት ሌላ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ንድፍ ብቻ ይሥሩ፤ የጭንቅላታቸውን ማዘንበልና የዓይናቸውን አቅጣጫ። በሁለተኛው ቀን የፊታቸውን ቀለም በትንሽ ሸራ ላይ በፍጥነት ይያዙ፤ ምንም ሳይጨርሱ፣ የብርሃኑና የጥላው ቀለም ብቻ እውነት እንዲሆን። ፎቶግራፍ ይህንን አይሰጥዎትም፤ ካሜራ የጠይም ፊት ጥላን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ይለውጠዋል። ለካፖርታቸው አዝራር፣ ለወንበሩ እግርና ለመሳሰለው ግን ፎቶግራፍ በቂ ነው።

በሦስተኛው ቀን እጆቻቸውን ይሥሩ። አባትዎ ከሄዱ በኋላ ኮታቸውን ወንድምዎ ለብሶት በዚያው ወንበር ቢቀመጥ ማንም አያውቅም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ቫን ዳይክ በለንደን ሳለ የታላላቅ ሰዎችን እጅ ጭምር ለዚሁ በቀጠራቸው ሞዴሎች ይሥል ነበር ተብሎ ተጽፏል፤ በሥዕሎቹም ላይ የብዙ መኳንንት ጣቶች ያው ቀጫጭንና ረጃጅም ሆነው የሚመሳሰሉት ለዚህም ሊሆን ይችላል። አባትዎ ገበሬ ወይም አናጢ ወይም ጸሐፊ ከነበሩ፣ የእጃቸውን ቅርጽ ከሌላ ሰው ሊያገኙት አይችሉም፤ ጊዜ ካጠረብዎት ከካፖርቱ ይቀንሱ።